የአያትን ፎቶና ድምፅ ከመጥፋት የሚያድኑ መሣሪያዎች፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር?

ቀለል ባለ ነገር የሚደሰቱ አያት ሲያልፉ ለቤተሰቡ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን ነው፤ ዳር ዳራቸው የተጠቀለለ ፎቶዎች፣ ጥቂት ኔጌቲቭ (ፎቶ የሚታተምበት የታጠበ ፊልም)፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ካሴቶች። እነዚህን አንድ በአንድ ያገላበጠ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። እሳቸው ይወዱት የነበረውን ነገር ሆን ብሎ ፎቶ ያነሳው የለም። ካሜራ የሚወጣው ለሠርግ፣ ለምረቃ ወይም ከሩቅ እንግዳ ሲመጣ ነው። ፀሐይ የሚሞቁበት ወንበር፣ ከጆሯቸው የማትርቀው ትንሽ ሬዲዮ፣ አራት ላይ ተጣጥፎ ኪስ የሚገባው ጋዜጣ፣ የዳማ ሰሌዳው፣ እነዚህ ሁሉ ያሉት ፎቶው ጥግ ላይ፣ ከተሰለፉት ሰዎች ጀርባ፣ ግማሽ ጎናቸው ተቆርጦ ነው። ካሴቱም እንደዚያው ነው። ሳቃቸውና ፉጨታቸው የሚሰማው ዋናው ንግግር ከመጀመሩ በፊት ወይም ሁሉም ቀረጻው ያለቀ ከመሰለው በኋላ ነው።

ስለዚህ መሣሪያዎቹን የመዘንነው በፍጥነታቸው ወይም በካርቶናቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር አይደለም። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ጥጉን ይጠብቃል ወይስ ይቆርጣል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ለፎቶ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 የሚባለው ስካነር፣ ለድምፅ ደግሞ ያገለገለ ግን ደህና የካሴት ዴክ (ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ የካሴት ማጫወቻ) ከአንዲት ትንሽ የድምፅ ካርድ ጋር። በሺዎች የሚቆጠር ፎቶ ላለው ቤተሰብ ፋስትፎቶ ኤፍኤፍ-680ደብሊው የሚባለው ፈጣን ስካነር ይታከልበት። ካኖስካን ላይድ 400 የሚባለው ቀጭን ስካነር ገደቡን አውቆ ለሚገዛው ይበቃል። ካሴትን በቀጥታ ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን የሚሉት የኪስ ማጫወቻዎች ግን ቢቀሩ ይሻላል።

ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600

ገበያ ላይ ከዋለ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው፣ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ጠረጴዛ የሚይዝ ጠፍጣፋ ስካነር ነው። ለማየት የሚያምር ነገር የለውም። የሚለየው በውስጡ ያለው ሲሲዲ የሚባለው ዓይነት የብርሃን መቀበያ ነው። ሲሲዲ ምስሉን በመስታወትና በሌንስ አማካይነት ስለሚያነብ፣ ፎቶው ከስካነሩ መስታወት ላይ ትንሽ ከፍ ቢልም ጥራቱ ወዲያው አይወርድም። ይህ ለአሮጌ ፎቶ ወሳኝ ነው። ዘመን ያስቆጠረ ፎቶ ይጠቀለላል፤ በኃይል ከተጫኑት ላዩ ይሰነጠቃል። ከዚህም የከፋው ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ነው። እሱን ማላቀቅ ማለት የአያትን ፊት መስታወቱ ላይ ትቶ ወረቀቱን ይዞ መቅረት ማለት ነው። በቪ600 ግን ከፍሬሙ አውጥቶ ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ይቻላል፤ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም ምስሉ ይተርፋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 6400 ዲፒአይ ተከትላችሁ አትሩጡ። ዲፒአይ በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት ነው፤ ስካነሩ በርግጥ የሚለየው ዝርዝር ከዚህ ቁጥር በጣም ያነሰ ነው፤ ከፍተኛውን መምረጥ ጊዜና ቦታ ከማባከን አያልፍም። ፎቶ ቤት ታጥቦ ለወጣ ተራ የወረቀት ፎቶ 600 ይበቃል። ወረቀቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ300 በላይ ዝርዝር የለውም፤ የቀረው መጠባበቂያ ነው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ሲነበብ 2362 በ3543 ፒክስል፣ ማለትም 8 ሜጋፒክስል ገደማ ይወጣዋል፤ ሳይታመቅ፣ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ቢቀመጥ 25 ሜጋባይት ይሆናል። በ1200 ካደረጋችሁት ፋይሉ ወደ 100 ሜጋባይት ያድጋል፣ የሚጨመር ነገር ግን እምብዛም አታዩም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። 6 በ9 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ፣ ነጭ ጠርዝ ያላቸው ትንንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ከአሮጌ ካሜራዎች ኔጌቲቭ ላይ ወረቀት በቀጥታ ተጭኖ የታተሙ ናቸው። ምስሉ በማጉያ ሌንስ አላለፈም፤ ስለዚህ በትንሿ ወረቀት ላይ የታጨቀው ዝርዝር ከትልቁ ፎቶ ይበልጣል። እነዚህን በ1200 አንብቡ። በዓይን ነጥብ የምትመስለው ነገር ሬዲዮ መሆኗ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ኔጌቲቩ ካለ ደግሞ ከፎቶው ይልቅ እሱን ስካን አድርጉ። ምክንያቱ ጥራት ብቻ አይደለም። የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። ያ ምስል በ20 በ25 ሴንቲሜትር ወረቀት ሙሉ ገጽ ሲታተም ከ36ቱ ሚሊሜትር የሚገባው 30ው ብቻ ነው፤ ስድስተኛው እጅ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው። በአነስተኛ መጠን የሚያትሙ ማሽኖችም ከየዳሩ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። እና የሚቆረጠው ምንጊዜም ዳሩ ነው፤ የአያት ወንበር ያለበት ዳር። ለኔጌቲቭ ከ2400 እስከ 3200 ዲፒአይ ምረጡ።

የኔጌቲቭ ሥራ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ሶፍትዌሩ ምስሎቹን ራሱ ፈልጎ እንዲለያያቸው የሚያደርገው የድንክዬ ቅድመ ዕይታ ነው። ጨለም ያለ ምስል ሲያጋጥመው የት እንደሚጀምር ይጠፋበታል፤ ደህናውንም ቢሆን ከዳር ይቀነጥበዋል። ወደ መደበኛው ቅድመ ዕይታ ቀይራችሁ ክፈፉን በእጃችሁ፣ ከምስሉ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ሳሉ። ሁለተኛው ዲጂታል አይስ የሚባለው የአቧራ ማጥፊያ ነው። በቀለም ኔጌቲቭ ላይ ድንቅ ይሠራል፤ በኢንፍራሬድ ጨረር አቧራውንና ጭረቱን ለይቶ ይሞላዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን አትክፈቱት። የጥቁርና ነጭ ምስል የተሠራው ከብር ቅንጣት ነው፤ ብር ኢንፍራሬድ አያሳልፍም፤ ሶፍትዌሩም ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይፍቀዋል። ለወረቀት ፎቶም ዝግ ይሁን፤ ሥራውን ከማጓተቱ በላይ የልብስንና የፀጉርን ዝርዝር ያደበዝዛል።

የወረቀት ፎቶ አሠራሩ እንዲህ ነው። አቧራውን አየር በሚነፋ የላስቲክ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አስወግዱ፤ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ይረጫል፣ ምራቅ ደግሞ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ፎቶውን በእርጥብ ነገር አትንኩ። የስካነሩን መስታወት ስታጸዱ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ፤ በጠርዙ ሰርጎ ከገባ ከውስጥ የሚያጠራው የለም። ፎቶዎቹን ከመስታወቱ ጠርዝ 1 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ጠርዙ ላይ የተደገፈ ፎቶ ጥቂት ሚሊሜትር ይቆረጥበታል። ሦስት አራት ፎቶ በአንዴ መደርደር ይቻላል፣ በመሃላቸው የጣት ስፋት ይኑር። ጀርባው ላይ የተጻፈው ነገር በፊት በኩል እንዳያስተላልፍ ጥቁር ወረቀት ከላይ አልብሱ። ባለ 24 ቢት ቀለም ምረጡ፤ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም እንኳ፣ ምክንያቱም የቡናማ ቃናውም ሆነ በኋላ የፈሰሰበት እድፍ የሚለየው በቀለም ነው። ማሾያውን፣ ራስ ሰር የቀለም ማደሻውን፣ ሁሉንም አጥፉ። እነዚህ በኋላ በኮምፒውተር ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው፤ ተደርገው ከተቀመጡ ግን መመለሻ የላቸውም።

ነጩን ጠርዝ አትቁረጡት። በአንዳንድ አሮጌ ፎቶ ጠርዝ ላይ አጣቢው ያተመው ወርና ዓመት አለ። እርግጥ ቀኑ ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም፤ ፊልም ካሜራ ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችል ነበር። ቢሆንም «ከዚህ ወዲያ ሊሆን አይችልም» የሚል ወሰን ይሰጣል። ጀርባውንም በ300 ዲፒአይ አንብቡት። በእርሳስ የተጫረች አንዲት መስመር፣ የፎቶ ቤት ማህተም፣ የወረቀቱ ፋብሪካ ስም፣ ሁሉም በኋላ ዘመኑን ለመገመት ይረዳሉ።

የማር እንጀራ የሚመስል ሻካራ ገጽ ያለው ፎቶ ካጋጠመ ከስካነር የሚወጣው በብርሃን ነጠብጣብ የተሞላ ነው። መፍትሔው ፎቶውን አንዴ ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ ደግሞ 180 ዲግሪ አዙሮ ማንበብ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተካክሎ በፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር በ50 በመቶ ማደራረብ ነው። መብራቱ ከአንድ ወገን ስለሚመጣ የሸካራው ጥላ በሁለተኛው ጊዜ በተቃራኒው ይወድቃል፤ ሲደራረቡ ይጣፋሉ።

የቪ600 ድክመቶች? ከኤ4 የሚበልጥ ነገር አይችልም፤ ትልቁን ፎቶ ሲሶው እየተደራረበ፣ ሳታዞሩት፣ በክፍል በክፍል አንብባችሁ መስፋት አለባችሁ። ሥራው ዘገምተኛ ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ ደግሞ ክዳኑን ከፍታችሁ በስልክ መብራት ከጎን ተመልከቱት፤ የመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ጭጋግ የለበሰ ከሆነ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆንባችኋል።

ካኖስካን ላይድ 400

ቀጭን፣ ቀላል፣ ኃይሉንም በዚያው በዩኤስቢ ኬብል የሚወስድ ነው። ጠፍጣፋ ለሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ የሚሰጠው ውጤት ከቪ600 ብዙ አይርቅም፤ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ቢያያቸው አይለያቸውም። ገደቡ ሲአይኤስ በሚባለው መቀበያ ላይ ነው፤ እሱ የሚያነበው መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው። የተጠቀለለ ፎቶ መሃሉ ጥርት ብሎ ዳሩ ይደበዝዛል። የተጣበቀ ፍሬም፣ ወፍራም አልበም፣ የተሰበረ ማዕዘን፣ እነዚህን አይችልም። ፊልምም አያነብም። በካርቶናችሁ ውስጥ ኔጌቲቭ ከሌለና ፎቶዎቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ግን ለትልቁ ስካነር የሚወጣው ገንዘብ ትርፍ ነው።

ፋስትፎቶ ኤፍኤፍ-680ደብሊው

ይህ ፎቶ ሳብ አድርጎ እያሳለፈ የሚያነብ ነው። 36 ፎቶ በአንዴ ይጎርሳል፤ በ300 ዲፒአይ በሴኮንድ አንድ ፎቶ ገደማ ያወጣል። እውነተኛው ጣሪያው 600 ነው፤ 1200 የሚለው ምርጫ ነጥብ እየፈጠረ የሚሞላ ስለሆነ ተዉት። የምንወድለት ነገር ጀርባው ላይ ጽሑፍ ሲያገኝ ሁለቱንም ገጽ አብሮ ማስቀመጡ ነው።

ሁለት ነገር ያበላሻል። አቧራ በመቀበያው ላይ ካረፈ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ፎቶ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ይጋደምበታል፤ በየጥቂት ደቂቃው ከፍቶ መጥረግና የመጨረሻዎቹን ምስሎች አጉልቶ ማየት ግድ ነው። 200 ፎቶ ካለፈ በኋላ የሚታይ መስመር ማለት 200 ፎቶ እንደገና ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የተቀደደ፣ ሙጫ የቀረበት ወይም የተጠቀለለ ፎቶ ይሰነቅራል። ስለዚህ አጠቃቀሙ ይህ ነው፤ በቅርብ አሥርት ዓመታት የታተሙትን አንጸባራቂ ፎቶዎች በ600 ያሳልፍ፣ አሮጌዎቹንና ብቸኛ ቅጂ የሆኑትን አይንካ። የምስል ማሻሻያ አማራጩ ሲጠቀሙበት ዋናውን ሳይነካ ተጨማሪ ቅጂ እንዲያወጣ አድርጋችሁ አዘጋጁት።

የስልክ ካሜራ

ከጉግል የወጣው ፎቶስካን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነፃ አለ። በፎቶው አራት ነጥቦች ላይ እያዞራችሁ ታነሳላችሁ፣ እሱም ምስሎቹን አጋጥሞ ነጸብራቁን ያጠፋዋል። ለዘመድ ቶሎ ለመላክ፣ ሌላ ቤት ያለ አልበም ውስጥ ምን እንዳለ ለመመዝገብ ከዚህ የሚቀል የለም። ለማስቀመጥ ግን አይሆንም። ጠርዙን ራሱ ፈልጎ ሲቆርጥ ነጩን ዳር፣ አንዳንዴም የምስሉን ዳር ይወስዳል፤ ሲያጋጥምም መስመሮች ይጎብጣሉ። በአልበም ሙጫ የተያዘ፣ የማይላቀቅ ገጽ ካለ ሙሉ ገጹን በደህና ካሜራ ከላይ ወደ ታች፣ ብርሃኑ ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ እየመጣ ማንሳት ይሻላል። በነገራችን ላይ ከሙጫ አልበም ፎቶ ለማላቀቅ ሰም የሌለው የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብቶ እየሳቡ ማለፍ ነው እንጂ ማዕዘኑን ይዞ መገንጠል አይደለም። ክሩ እምቢ ካለ ይተው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ደብዛዛ ፊትን በአንድ ጠቅታ «የሚያጠሩ» ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው አፕሊኬሽኖች በዝተዋል። የሚያደርጉት ነገር ፊቱን ማጥራት ሳይሆን የሌላ ሰው ፊት መሳል ነው። በምስሉ ውስጥ የሌለ መረጃ ከየት ይመጣል? ከሌሎች ሰዎች ፊት። ዓይኑ ያበራል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ በሳቅ ብዛት የተቋጠረው የዓይን ዳር ሽብሽብ ይጠፋል፤ የሚያውቋቸው ሰዎችም «እሳቸውን ይመስላሉ ግን አይደሉም» ይላሉ። የቀለም እርማት ሌላ ነገር ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታተሙ ብዙ የቀለም ፎቶዎች ወደ ቀይ የሚያደሉት ሰማያዊ አረንጓዴው ማቅለሚያ ቀድሞ ስለሚደክም ነው። ይህን በየቀለሙ መስመር አስተካክሎ መመለስ ያለውን ማውጣት እንጂ የሌለውን መፍጠር አይደለም።

ካሴቶቹ

አሁን ወደ ኪስ ማጫወቻዎቹ እንምጣ። ዎክማን የሚመስሉ፣ ዩኤስቢ ያላቸው፣ በርካሽ የሚሸጡ ናቸው። የሞተራቸው ፍጥነት ይዋልላል፣ ስለዚህ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ፍላሽ ሲቀዱ የሚያስቀምጡት በታመቀ ኤምፒስሪ ነው። ከሁሉ የሚብሰው አንዳንዶቹ ያላቸው ዝምታ ሲሰማ ፋይሉን የሚከፍል አማራጭ ነው። እሱ የተሠራው ለዘፈን ካሴት ነው። ረጋ ብለው የሚናገሩ አዛውንት በዓረፍተ ነገር መሃል ሦስት አራት ሴኮንድ ዝም ሲሉ አዲስ ዘፈን የመጣ ይመስለዋል፤ አንዱ ወግ በብዙ ቁርጥራጭ ይወጣል፣ ትንፋሹም በየመሃሉ ይጠፋል።

የምንመክረው ያገለገለ የካሴት ዴክ ነው፣ ከኋላው የቀይና ነጭ ኬብል መውጫ ያለው። ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ቤሪንገር ዩሲኤ202 የመሰለች ትንሽ የድምፅ ካርድ ትበቃለች። የቅጂ ጥራት መለኪያዋ 16 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው ብሎ የሚነቅፋት ይኖራል፤ ነገር ግን በካሴት ላይ በጸጥታውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከ60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብዙም አይበልጥም፣ 16 ቢት ደግሞ 96 ይይዛል። ጉዳቷ የመጠን ማስተካከያ ስለሌላት ዴኩ ራሱ መውጫውን መቆጣጠር ካልቻለ የሚደረግ ነገር አለመኖሩ ነው። ባለ 24 ቢት ካርድ ያለው ሰው ያንን ይጠቀም፤ ትርፉ በመጠን ምርጫ ላይ ዘና ማለት ነው።

ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ። እነሱ ከሌሉ ዴኩ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ቀጥሎ በመሃል ያለችውን የሱፍ ትራስ ተመልከቱ፤ ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ቴፑ ሄዱን፣ ማለትም ድምፁን ከቴፑ የሚያነበውን የዴኩን ክፍል፣ በደንብ አይነካም፣ ድምፁም ታፍኖ ይመጣል። ያኔ ቴፑን በብሎን የሚከፈት አዲስ የካሴት አካል ውስጥ ማዛወር ነው። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት አንዴ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይጠቅለል፤ ተጣብቆ የቆየው ይላቀቃል። ሲ120፣ ማለትም ባለ 120 ደቂቃው ካሴት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ቴፑ ከሲ60ው ቀጭን ስለሆነ ይለጠጣል፣ ይጠላለፋል።

ሄዱንና የብረት ዘንጉን 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከረ የጥጥ እንጨት ጥረጉ። ቡናማ መሆኑ እስኪያቆም ድረስ። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ካሴቱ የተቀዳበት የያኔው ቴፕ ሪኮርደር ሄድ በትንሹ ዘንበል ያለ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ዴክ ሄድ ቀጥ ያለ ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም የ«ሰ» እና የ«ሸ» ጥራት ይጠፋል። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በቀስታ፣ ቴፑ እየተጫወተ፣ እሽሽታው በጣም እስኪጠራ ድረስ አዙሯት። ለየካሴቱ ይደረጋል። ልዩነቱ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

ዶልቢ የሚባለውን የዴኩን እሽሽታ መቀነሻ አጥፉ፤ ቤት ውስጥ በተራ ሪኮርደር የተቀዳ ካሴት ያለ ዶልቢ የመቀዳቱ ዕድል ሰፊ ነው፣ ሲከፈትበትም ድምፁ ይታፈናል። ቀረጻው በአንድ ማይክሮፎን የተደረገ ቢሆንም በስቴሪዮ ቅዱ፤ ከሁለቱ መስመር አንደኛው ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ በኋላ ትመርጣላችሁ። ሁለቱን መደመር ግን ሄዱ በትንሹ እንኳ ከተዛነፈ ቀጭኑን ድምፅ እርስ በርሱ ያጣፋዋል። ኦዳሲቲ ነፃ የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ነው፣ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ በሶፍትዌሩ መለኪያ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቀር አድርጉ። ዌቭ በሚባለው ያልታመቀ የድምፅ ፋይል ይቀመጥ፤ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል።

እያንዳንዱን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ቅዱ። ባዶ የመሰለውንም። ቁልፉ ተጭኖ የተረሳባቸው ደቂቃዎች ውስጥ ነው በር ሲከፈት፣ ሬዲዮው ሲስተካከል፣ እሳቸውም ከማንም ጋር ሳይሆን ለራሳቸው ሲያዜሙ የሚሰማው።

ድምፃቸው ከሚታወቀው ቀጥኖ ከመጣ፣ ሪኮርደሩ ባትሪው ደክሞ በዝግታ እየዞረ ነበር የቀዳው ማለት ነው፤ አሁን በትክክለኛው ፍጥነት፣ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ሲጫወት ይፈጥናል። በኦዳሲቲ ውስጥ ፍጥነትና ቅላፄን አብሮ የሚቀይረውን ምረጡ፣ ርዝመቱን ብቻ የሚቀይረውን አይደለም። ከኋላ የታወቀ ዜማ ከሬዲዮ የሚሰማ ከሆነ ያንን ከዋናው ጋር አነጻጽሩ፤ ግማሽ ቃና ከፍ ካለ 6 በመቶ ገደማ ፈጥኗል። ባትሪ እየደከመ የሚሄድ ስለሆነ መጀመሪያውና መጨረሻው የተለያየ እርማት ሊፈልግ ይችላል።

የእሽሽታ ማጥፊያውን በቅጂ ላይ ብቻ፣ እሱንም በ6 ዴሲቤል ያህል ተጠቀሙ። ከዚያ ሲያልፍ ንግግሩ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ከኋላ ያለውን ነገር ሁሉ ደግሞ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይጠርገዋል።

ስም አወጣጥና ማስቀመጥ

ስካነሩ ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ቀን የዛሬን ነው፤ ስልክ ላይ ሲጫን የአያት ወጣትነት ከትናንት ምሽት ፎቶ ጎን ይሰለፋል። ዲጂካም በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የተነሳበትን ቀን መቀየር፣ የሰዎቹን ስምና መግለጫውንም በአማርኛ ፋይሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ለፋይሉ ስም ግን ቁጥር ይሻላል፣ አንዳንድ አሮጌ ሶፍትዌር ፊደላችንን ያበላሻል። ፊቱ 0147ሀ ከሆነ ጀርባው 0147ለ ይሁን ብትሉ በጽሑፉ ያምራል፣ በፋይሉ ግን 0147-1 እና 0147-2 አድርጉት። ጀርባው ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጻፉ፣ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ካወቃችሁ ጨምሩበት፤ ግምት ከሆነ ግምት መሆኑን ጻፉ። መግለጫው ውስጥ ጥግ ላይ ያለውንም ስም ስጡት። «ከበሩ አጠገብ ወንበራቸው» የሚል ቃል ከሌለ ከልጅ ልጆች በኋላ ማንም አይፈልገውም።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ፍላሽ ለመላኪያ እንጂ ለማኖሪያ አይደለም፤ ለዓመታት ኃይል ሳያገኝ ከተቀመጠ የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ዋናዎቹን ፎቶዎች አትጣሉ፤ በፖሊፕሮፒሊን ወይም በፖሊስተር ኪስ ውስጥ ይግቡ፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን አይሁን። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ፊልም እየፈረሰ ነውና ከሌሎቹ ለዩት፣ ቀድማችሁም ስካን አድርጉት።

ለሰው ለማሠራት

ጊዜ ከሌላችሁ ለስካን አገልግሎት መስጠት ነውር የለውም። ብቻ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጀርባውን ያነባሉ? ነጩን ጠርዝ ይተዋሉ? በቲፍ ይሰጣሉ? ራስ ሰር ማሻሻያው ይጠፋል? በሰጠናችሁ ቅደም ተከተል ይመለሳል? «ዝርዝሩን ለእኛ ተዉት» የሚል መልስ ከመጣ ሌላ ቤት ሞክሩ። በመጀመሪያ 20 ያህል ፎቶ ብቻ ስጡ፣ ቅጂ ያላቸውን።

መጽሐፍ አድርጎ ማሳተም ለሚፈልግ ደግሞ፣ ምስሉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ ይኑረው፤ በ600 የተነበበ ፎቶ ሁለት እጥፍ ጎኑ ድረስ ያድጋል። ገጹ እስከ ዳር የሚታተም ከሆነ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ይተርፍ። በመሃል እጥፋቱ ላይ በየወገኑ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይዋጣል፣ ሙሉ በሙሉ በሚዘረጋ ጥራዝ ካልሆነ በቀር። አብዛኛው የመጽሐፍ መሥሪያ ሶፍትዌር ሳጥኑን ለመሙላት ፎቶውን ራሱ ይቆርጠዋል፤ በየገጹ «ሙሉውን አሳይ» የሚለውን ምረጡ። አንድ ቅጂ ብቻ አስቀድማችሁ አሳትሙ፣ ጨለማ ቦታዎቹ በወረቀት ላይ ከስክሪኑ ይልቅ ይጠቁራሉና እነሱን አይታችሁ አስተካክሉ፤ ለቀሩት ዘመዶች የሚሆነው ከዚያ በኋላ ይታዘዝ።